ጸጥ ያለ ልጅ ሁሉ የዳነ ልጅ አይደለም

አንድ ቅብጥብጥ ልጅ መድኃኒት ጀምሮ በሁለተኛው ሳምንት ጸጥ ካለ ቤተሰቡም፣ መምህሩም፣ ጎረቤቱም የሚሉት አንድ ነው፦ «ተመስገን! መድኃኒቱ ሠራለት።» ምሳውን መተዉን፣ ሌሊት ሲገላበጥ ማደሩን፣ ከጓደኞቹ ጋር መሳቅ ማቆሙን ለይቶ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። በኢትዮጵያ ለልጆች ስለሚታዘዝ የአእምሮ መድኃኒት ሲወራ ክርክሩ ሁልጊዜ «ይሰጥ ወይስ አይሰጥ» በሚለው ላይ ይቆማል። ከዚያ የሚብሰው ጥያቄ ይታለፋል። መድኃኒቱ ልጁን ሲጎዳው ጉዳቱን በስሙ የሚጠራው ማን ነው?

ጉዳዩ በሕክምና አጠራሩ ኤዲኤችዲ የሚባለው ነው፤ በአማርኛ የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ ማለት ይቻላል። ሕዝቡ እንዲህ ላሉ ልጆች ድሮም ስም አላጣም። «ቀዥቃዣ»፣ «ረባሽ»፣ «ቀልቡ የማይሰበሰብ» ይላቸዋል። ስሞቹ ሁሉ የጠባይ ስሞች ናቸው፤ አንዱም የሕመም ስም አይደለም። ስለዚህ መድኃኒታቸውም ቁጣ፣ ቁንጥጫና አርጩሜ ሆኖ ኖሯል። በተለያዩ ሀገራት የተሠሩ ጥናቶች ሲደመሩ ግን ከ100 ልጆች 5 ያህሉ ይህ ችግር እንዳለባቸው ያሳያሉ። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ባለችው ደነባ አንድ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ ቢቀመጥ፣ በዚያ ስሌት 3 ያህሉ እንዲህ ያሉ ናቸው ማለት ነው። ኦቲዝም ቢያንስ በከተማ ስሙ እንዲታወቅ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፍተው እስከ ሕልፈታቸው ደክመዋል። ኤዲኤችዲ ያን ያህል የሚታወቅ ጠበቃ ገና አላገኘም።

መድኃኒት አለው። በዓለም ላይ በብዛት የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት ነው፤ ብዙ ሰው ሪታሊን በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ፣ ብዙ ልጆችን ከመባረርና ከመደብደብ ያዳነ መድኃኒት ነው። ይህን መካድ አይገባም። ጉዳቱንም መደበቅ አይገባም። ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ መድኃኒቱን ከወሰዱ ልጆች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ ቀላል የሚባል ጉዳት እንደገጠማቸው አስፍሯል። 31 በመቶ ያህሉ የምግብ ፍላጎታቸው ቀንሷል፤ 18 በመቶ ያህሉ እንቅልፍ አጥተዋል፤ 11 በመቶ ያህሉ ሆዳቸውን ታመዋል። ከባድ የሚባል ጉዳት የደረሰባቸው ከ100 አንድ ገደማ ናቸው። ማስረጃው ጥራቱ ዝቅተኛ መሆኑን አጥኚዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል። ከባድ ከሚባሉት መካከል የልብ ምት መዛባት፣ አልፎ አልፎም የሌለ ነገር ማየትና መስማት ይገኙበታል።

«ቀላል» የሚለው ቃል ግን የሚመዘነው ልጁ ባለበት ቦታ ነው። ምግብ በሞላበት ቤት ምሳ የሚተው ልጅ ማታ ሊያካክስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ተማሪዎች ናቸው። ቀድሞውኑ ላልጠገበ ሰውነት የምግብ ፍላጎትን የሚዘጋ እንክብል ሲሰጥ፣ በሌላ ሀገር መጽሐፍ ላይ «ቀላል» ተብሎ የተጻፈው ነገር ቀላል ሆኖ አይቀርም። መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቁመት እድገትን በመጠኑ ሊያዘገይ እንደሚችልም የታወቀ ነው። ስለዚህ በየጊዜው ክብደትና ቁመት መለካት የሕክምናው አካል እንጂ ትርፍ ሥራ አይደለም።

አሁን በደነባ ያለ አንድ ቤተሰብ ቢታሰብ ልጁ ወደዚህ መድኃኒት የሚደርስበት መንገድ ሩቅ ነው። ደነባ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ የአእምሮ ሕክምና ሲፈለግ ሰው የሚላከው ወደ ደብረ ብርሃን ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ አዲስ አበባ፣ አብዛኛውን ጊዜም አማኑኤል ይባላል። በመላ ሀገሪቱ የሕፃናትና የወጣቶች የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገዱን በፈለገው ቀን ይዘጋዋል። ቀጠሮ ማለት መኪና የሚሄድበት ቀን ማለት ሆኗል። አንድ ወር ብሎ የሄደ ቤተሰብ በ4ኛው ወር ይመለሳል፤ ወይም አይመለስም።

መድኃኒቱም እንደ ልብ አይገኝም። ይህ ክፍተት ሁለት በሮችን ከፍቷል። አንደኛው ከውጭ ሀገር የሚመጣው ሻንጣ ነው። እንደ ሀገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል አሀዝ እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ከ100 ልጆች 11 ያህሉ በአንድ ወቅት ኤዲኤችዲ አለባቸው ተብለዋል። እዚያ የሚኖር ዘመድ መድኃኒቱን ያውቀዋል፤ የእህቱ ልጅ አስቸገረ ሲባል ከራሱ ልጅ የተረፈውን ለመላክ ይፈተናል። ፍቅር ነው የሚያስልከው። ነገር ግን መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ይደርሳል፤ የመጠኑ ልኬት የሌላ ልጅ ነው፤ ልቡን ያዳመጠው ሰው የለም። በዚያ ላይ ሜቲልፌኒዴት በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት በመሆኑ ላኪውንም ተቀባዩንም ከሕግ ጋር ሊያጋጭ ይችላል።

ሁለተኛው በር ያለውን መስጠት ነው። ሜቲልፌኒዴት ከጠፋ በመደርደሪያው ላይ የሚገኘው ለሌላ ሕመም የተሠራ ጠንካራ መድኃኒት ነው፤ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ከእነዚህ መካከል ናቸው። እነዚህ መድኃኒቶች ልጅን ጸጥ ያደርጋሉ። ትኩረቱን ግን አይመልሱለትም። ጸጥታ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ ግን ልዩነቱን ማንም አያየውም።

አለመታየቱ ነው ዋናው ችግር። መድኃኒት በልጅ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ሌላ ስም ይዞ ይኖራል።

መጀመሪያ አለመብላቱን ያህል ግልጽ ነገር የለም። ነገር ግን ልጁ 7 ዓመት ሞልቶት ጾም የጀመረ ከሆነ፣ በሁዳዴ ምሳውን ገፍቶ ሲነሣ «ጎበዝ ጾመኛ ሆነ» ሊባል ይችላል። ጾሙ ሲፈታም ካልበላ ያን ጊዜ ነው ጥያቄ የሚነሣው። እስከዚያ 2 ወር አልፏል።

ቀጥሎ ዝምታው ይመጣል። የመድኃኒቱ መጠን ከበዛ ልጁ ፈዞ ሊቀመጥ፣ ደስታውም ቁጣውም ሊጠፋ ይችላል። በሕክምናው ዓለም ይህ መጠኑ እንደገና ይታይ የሚል ምልክት ነው። በአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ግን ጨዋ ልጅ ማለት ቀድሞውኑ ዝም የሚል ልጅ ነው። በትልልቅ ሰዎች መካከል የማይናገር፣ ሲጠሩት ብቻ የሚመጣ፣ እንግዳ ሲኖር አንገቱን የሚደፋ ልጅ ይመሰገናል። ስለዚህ የመድኃኒቱ ጉዳት ከተከበረው የጨዋነት መልክ ጋር ፊቱ አንድ ይሆናል። ልጁ እየፈዘዘ ሲሄድ ይመረቃል።

ሦስተኛው የማታው ለቅሶ ነው። አጭር ጊዜ የሚሠራው ሜቲልፌኒዴት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ቆይቶ ያልቃል፤ ሲያልቅ አንዳንድ ልጆች ይነጫነጫሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ከበፊቱም ብሰው ይቅበጠበጣሉ። መምህሩ የሚያየው መድኃኒቱ የሚሠራበትን ሰዓት ነው። እናት የምታየው ያለቀበትን ነው። መምህሩ «ልጅዎ ተለውጧል» ሲል እናት «እቤትማ ብሶበታል» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱን ቁጭ አድርጎ የሰዓቱን ነገር የሚያስረዳ ባለሙያ ካልተገኘ ግን ፍርዱ በልጁ ላይ ይወድቃል፤ «ለትምህርት ቤት ጨዋ፣ ለእናቱ ባለጌ» ይባላል።

አራተኛው ከሁሉም የሚያስደነግጠው ነው። ሃሎፔሪዶልን የመሰሉ መድኃኒቶች በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ የጡንቻ መኮማተር ሊያመጡ ይችላሉ። አንገት ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፤ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፤ ምላስ ይወጣል፤ መንጋጋ ይቆለፋል። ጤና ተቋም ከደረሰ በመርፌ ወይም በእንክብል በአጭር ጊዜ የሚፈታ ነገር ነው። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ቤተሰብ በሌሊት ዓይኑ የተሰቀለ ልጅ ሲያይ ምን ያስባል? መንፈስ ያዘው ብሎ ቢያስብ ማን ይፈርድበታል? በሰሜን ሸዋ ደግሞ ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያምን የመሳሰሉ ሕዝብ የሚጎርፍባቸው ቅዱሳን ቦታዎች አሉ። ቤተሰቡ ልጁን ይዞ ወደዚያ ይሄዳል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ መኮማተሩ ይለቃል። ጠበሉ እንዳዳነው ይቆጠራል፤ መድኃኒቱም እርኩስ እንደሆነ ይወራል። ያዘዘው ባለሙያ ግን የሆነውን ነገር ፈጽሞ አይሰማም። ለሚቀጥለው ልጅም ያንኑ መድኃኒት በዚያው መጠን ያዝዛል።

አምስተኛው ደግሞ የተገለበጠው ነው። ፊኖባርቢታል በኢትዮጵያ ለሚጥል በሽታ ለብዙ ዘመን በስፋት የተሰጠ ርካሽ መድኃኒት ነው። በአንዳንድ ልጆች ላይ መቅበጥበጥንና ቁጡነትን ያመጣል። ልጁ ከሚጥለው በሽታ ሲያርፍ ረባሽ ሆነ ተብሎ ይገረፋል። መድኃኒቱ ያመጣውን ጠባይ ልጁ በጀርባው ይከፍላል።

እዚህ ላይ ጥፋቱን በጠበል ላይ መጣል ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ቤተሰቡ ወደ ጠበል የሄደው የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው። ሃይማኖትና መድኃኒት አብረው መሄድ እንደሚችሉም ኢትዮጵያ አንድ ጊዜ አሳይታለች። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲመጣ ብዙ ምእመናን እንክብሉን ጥለው ጠበል ብቻ ይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ለልጆች የአእምሮ መድኃኒትም የደብሩ አስተዳዳሪና የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አንድ ቃል ቢናገሩ፣ ጠበል ቦታ ላይ አንገቱ የተጣመመ ልጅ የሚያይ አጥማቂ «መድኃኒት ጀምሮ ነበር ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ብዙ ልጆች በሰዓታት ውስጥ ይፈወሳሉ።

«ይህን ሁሉ ለሕዝብ መናገር ማስፈራራት ነው፤ ሰው መድኃኒቱን ይጥላል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ቅን ሐሳብ ነው፤ ብዙ የጤና ባለሙያዎችም ከዚህ ተነሥተው ዝም ይላሉ። ሕይወት የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። መድኃኒቱን የሚጥለው አስቀድሞ ያልተነገረው ነው። «ምሳ ሊጠላ ይችላል» የተባለች እናት ልጇ ምሳ ሲጠላ ሐኪሙ አዋቂ ነው ትላለች። ያልተባለች እናት ልጄን መረዙብኝ ትላለች። ዝምታ አመኔታን አይጠብቅም፤ የመጀመሪያው ችግር ሲመጣ ያፈርሰዋል።

ሌላው ተቃውሞ ከወዲያኛው ወገን ይመጣል። «ልጅ ነው፣ መቅበጥበጡ ወግ ነው፤ መድኃኒቱ የፈረንጅ ነው» ይላል። ይህም ልጁን አይጠቅመውም። ትኩረት ማጣቱ ከትምህርት ያስወጣዋል፤ ከዛፍና ከገደል ይጥለዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ «የማይረባ» ሲባል እንዲያድግ ያደርገዋል። ጉዳት አለው ብሎ መድኃኒትን ጨርሶ መተው፣ በሬ ወግቷል ብሎ እርሻ እንደ መተው ነው።

ጉዳትን መናገር ለአንድ ልጅ ብቻ የሚደረግ ነገርም አይደለም። ዓለም የመድኃኒት ጉዳትን መመዝገብ የጀመረው በመራራ ትምህርት ነው። ለእርጉዝ እናቶች ይሰጥ የነበረው ታሊዶማይድ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ እንዲወለዱ ካደረገ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1961 ጉዳቱ የታወቀው ሐኪሞች ያዩትን ጽፈው ስላሳወቁ ነው። ከዚያ ነው የዓለም ጤና ድርጅት የክትትል መርሐ ግብር በ1968 የተጀመረው። የኤዲኤችዲ መድኃኒቶችም በዚሁ መንገድ ተፈትነዋል። ፔሞሊን የተባለው ጉበት እንደሚያበላሽ ሪፖርቶች ሲከማቹ በ2005 ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። በሰኔ 2025 ደግሞ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ቀስ እያሉ የሚሠሩ የኤዲኤችዲ አነቃቂ መድኃኒቶች ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ክብደት እንደሚቀንሱ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዟል። የልጆቹን ክብደት መዝኖ የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው ይህ የታወቀው።

ኢትዮጵያም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመድኃኒት ጉዳት የሚመዘገብበት ቢጫ ቅጽ አለው፤ 8482 የሚባል ነፃ የስልክ መስመርም አለው። ሥርዓቱ አለ። የጎደለው ከደነባ ወደዚያ የሚሄደው ወረቀት ነው። አንድ ነርስ በሥራ ብዛት ቅጹን ሳይሞላ ሲቀር፣ ያ ልጅ በሀገሪቱ መዝገብ ላይ ምንም አልሆነም ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ ሜቲልፌኒዴት ወደ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር እንዲገባ የቀረበውን ጥያቄ በ2019ም በ2021ም አልተቀበለም። ከሥጋቶቹ አንዱ አቅማቸው ዝቅተኛ የሆኑ የጤና ሥርዓቶች ልጆቹን በትክክል መርምረው መከታተል ይችላሉ ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ጄኔቫ አይደለም። እያንዳንዱ የተመዘነ ልጅ፣ እያንዳንዱ የተሞላ ቅጽ መልስ ነው።

የሚያስፈልገው ደግሞ ውድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው እንክብል ከመሰጠቱ በፊት ልጁ ይመዘን፤ ቁመቱ፣ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ይጻፍ፤ በቤተሰቡ ውስጥ በልጅነቱ በድንገት የሞተ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው እንዳለ ይጠየቅ። መድኃኒቱን ልዩ ሥልጠና ያለው ባለሙያ ያስጀምረው፤ ክትትሉን ግን የቅርቡ ጤና ተቋም ይያዝ። ክብደት ለመመዘን አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። መንገድ በሚዘጋበት አካባቢ ለእናቲቱ የስልክ ቁጥር ይሰጣት፤ በሁለተኛው ሳምንት ነርሷ ራሷ ትደውል።

ለእናትየው የሚነገረውም አጭር ነው። «እናቴ፣ መድኃኒቱን ከቁርስ በኋላ ይስጡት። ምሳ ሊጠላ ስለሚችል ጠዋትና ማታ ጠንከር ያለ ነገር ያብሉት። ማታ መስጠት እንቅልፍ ይነሣዋል። ደረቱን ካመመው፣ ከወደቀ፣ የሌለ ነገር አየሁ ካለ፣ አንገቱ ከተጣመመ አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ይዘውት ይምጡ። ጠበልም ቢወስዱት መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፤ አስቀድመው ይደውሉልን።» ይህን ለመናገር 2 ደቂቃ በቂ ነው።

መምህራንም ድርሻ አላቸው። ልጅን መድኃኒት አስጀምሩት ማለት የመምህር ሥራ አይደለም፤ የሚያየውን መናገር ግን ሥራው ነው። «አይረብሽም» የሚለው ብቻ አይበቃም። ይጽፋል ወይ? ይመልሳል ወይ? በእረፍት ሰዓት ይጫወታል ወይ? በውጭ የሚኖር ዘመድም ከእንክብሉ ይልቅ ወደ ደብረ ብርሃን የሚያደርሰውን የመኪና ወጪ ቢልክ ልጁን የበለጠ ይረዳዋል።

በቀጠሮው ቀን ባለሙያው «ተሻለው?» ብሎ ብቻ ከጠየቀ መልሱ የታወቀ ነው፤ «አዎ፣ ጸጥ ብሏል» ይባላል፤ ወረቀቱ ይታደሳል። ጥያቄው ሦስት መሆን አለበት፦ ይበላል? ይተኛል? ይስቃል? ሦስቱም አዎ ካልሆኑ ልጁ ገና አልዳነም።